«ሰርተፍኬት የሚሰጥ ቦታ ታውቃለህ?»

ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ጻፈልኝ። 11ኛ ክፍልን ጨርሶ ክረምቱን እቤት ቁጭ ብሏል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ «ብሮ፣ የበጎ ፈቃድ ሰርተፍኬት የሚሰጥ ቦታ ታውቃለህ? ቶሎ የሚሰጥ ቢሆን ደስ ይለኛል» ይላል። ትንሽ ቆይቶ አንድ ፎቶ ላከ። የሆነ ቻናል ላይ የወጣ ማስታወቂያ ነው። 500 ብር ትከፍላለህ፣ አንድ ቀን ችግኝ ትተክላለህ፣ የ100 ሰዓት ምስክር ወረቀት ከነማኅተሙ ይዘህ ትሄዳለህ።

ስቄ ማለፍ እችል ነበር። ግን ያንን ወረቀት አውቀዋለሁ። እናቴ ቤት፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከክትባት ካርዴ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ አለ።

ነገሩ ወዲህ ነው። እዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ዋናው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ነው። «ክረምቱን ምን ስትሠራ ከረምክ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። አሜሪካ ላሉ ኮሌጆች ስታመለክቱ ግን ይጠየቃል። ብዙዎቹ ኮሌጆች የሚጠቀሙበት ኮመን አፕ የሚባለው የኦንላይን ማመልከቻ ከትምህርት ውጪ የሠራችኋቸውን ነገሮች እስከ 10 ድረስ እንድትዘረዝሩ ቦታ ይሰጣችኋል። ለእያንዳንዱ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ሳምንት እንደሠራችሁ ትሞላላችሁ። ምን እንደሠራችሁ የምትገልጹበት ቦታ ደግሞ በእንግሊዝኛ 150 ፊደል ብቻ ነው፤ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። ሜሪላንድ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ ያለች የአጎቴ ልጅ እንደዚህ አትጨነቅም። እዚያ ሁለተኛ ደረጃን ለመጨረስ የ75 ሰዓት አገልግሎት ግዴታ ስለሆነ ትምህርት ቤቷ ራሱ ይቆጥርላታል። (ጎረቤቷ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ 100 ሰዓት ነው።) እኛ ጋ የሚቆጥርልን ስለሌለ ወረቀት ፍለጋ እንሮጣለን።

እኔም ሮጫለሁ። 11ኛ ክፍል እንደጨረስኩ አንድ ማኅበር ሕፃናትን በክረምት ያስጠናል ሲባል ተመዘገብኩ። ሁለት ቀን ሄድኩ። ቲሸርት ሰጡን፣ ፎቶ ተነሣን፤ ከዚያ ዝናቡም መጣ፣ እኔም ቀረሁ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ «120 ሰዓት አስተምሯል» የሚል ወረቀት ሲታደል ግን ተሰልፌ ወሰድኩ። ማንም ምንም አላለም። እኔም ምንም አላልኩም።

በቀጣዩ ዓመት አመለከትኩ፤ አንዱ ኮሌጅ የቀድሞ ተማሪውን መድቦ ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። አንድ ሆቴል ውስጥ ማኪያቶ አዝዛልኝ፣ በጣም ደግ ሴት ነበረች። ፎርሜን እያየች «120 ሰዓት! እስኪ ካስተማርካቸው ልጆች ስለ አንዱ አጫውተኝ፤ ስሙ ማን ነበር?» አለችኝ።

ስም የለኝም። «ብዙ ስለነበሩ…» ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። ፈገግ ብላ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። ማኪያቶውን አልጨረስኩትም። ኮሌጁ አልተቀበለኝም፤ በዚህ ምክንያት ነው ማለት አልችልም፣ ውጤቴም ያን ያህል የሚያኮራ አልነበረም።

የሚያበሽቀው ሌላው ነገር ነው። ያን ዓመት ሙሉ ከትምህርት በኋላ ለአንድ ዓይነ ስውር የክፍል ጓደኛዬ መጽሐፍ አነብለት ነበር። በብሬል የታተመ በቂ መጽሐፍ ስላልነበረ ታሪክና ጂኦግራፊን በስልኬ እየቀዳሁ በሚሞሪ ካርድ እሰጠዋለሁ። መጀመሪያ ላይ አላሳረፈኝም፤ «ዜና አታንብብልኝ፣ ቀስ በል» ይላል። ካርታ ጋ ደርሼ «ወንዙ ከዚህ ተነሥቶ ወደዚህ ይሄዳል» ስል አስቁሞኝ «‹ከዚህ› የት ነው? ‹ወደዚህ›ስ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሰሜንና ደቡብ ማለት ለመድኩ። ሚሞሪ ካርዱ በኋላ ለታች ክፍል ዓይነ ስውራን ተማሪዎችም ተላልፏል። በሳምንት 4 ሰዓት ያህል፣ ዓመቱን ሙሉ። እና ፎርሙ ላይ አልጻፍኩትም! ማኅተም የለውማ።

የቃለ መጠይቁን ጉድ ለጓደኛዬ ስነግረው ሳቀ። ከዚያ «የኔን ስም ረሳኸው እንዴ?» አለኝ።

ለአክስቴ ልጅ መጀመሪያ የጻፍኩለት ይህንኑ ነው፤ ኮመን አፕ ላይ የምትሞላው ራስህ ነህ፣ ዝርዝሩ ሰርተፍኬት አያይዝ አይልህም። እንዲያውም ከምርጫዎቹ ውስጥ «የቤተሰብ ኃላፊነት» የሚል አለ። ከትምህርት መልስ ታናናሾቿን የምታበላና የምታስጠና ልጅ፣ የእናቱን ሱቅ የሚጠብቅ ልጅ፣ የታመሙ አያቱን የሚያስታምም ልጅ ይህንን መጻፍ ይችላሉ። ስንቶቻችን ነን ይህንን «ሥራ» ብለን ቆጥረን የማናውቀው?

ከቤት ውጪ መሥራት ለፈለገ ደግሞ ቦታው እንደሚባለው ሩቅ አይደለም። ወረዳ ሄዳችሁ ወጣቶችን የሚመለከተው ቢሮ ጠይቁ፤ የክረምት በጎ ፈቃድ ምዝገባ አለ። የታች ክፍል ተማሪዎችን ማስጠናት፣ የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደስ፣ ችግኝ መትከል የተለመዱት ናቸው። (ችግኝ ከተከላችሁ ጥቅምት ላይ ተመልሳችሁ ውኃ አጠጡ። ትልቁ ሥራ ያ ነው፣ ፎቶ ግን የለውም።) ከ1927 ዓ.ም ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በቅርንጫፎቹ ወጣት በጎ ፈቃደኞችን ይይዛል፤ የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ሥልጠናም ይሰጣል። አዲስ አበባ ያላችሁ መቄዶንያን ታውቁታላችሁ፤ አረጋውያንን ማጫወትና ማብላት፣ ልብስ ማጠብ፣ ሁሌም ሰው ያስፈልጋል። ሞባይል ዳታ እንጂ የታክሲ የሌለው ደግሞ አማርኛ ዊኪፔዲያ ላይ ጽሑፍ ማረም ይችላል። ኮመን ቮይስ የሚባለው የሞዚላ ፕሮጀክት ላይም የአማርኛ ዓረፍተ ነገሮችን በድምፅ ማንበብ ይቻላል።

አጠያየቁ ግን ወሳኝ ነው። በቴክስት «መርዳት እፈልጋለሁ» ብላችሁ መልስ አትጠብቁ። በአካል ሂዱ፣ ጠዋት ሂዱ። «ቅዳሜ ከ3 እስከ 6 ሰዓት እመጣለሁ፣ እስከ መስከረም አልቀርም» በሉ። እንደዚህ የሚል ልጅ ብዙ ጊዜ አይመለስም፤ ደርሶ ፎቶ ተነሥቶ የሚጠፋ ጎረምሳ ሰልችቷቸዋል። እኔን ጨምሮ። 18 ዓመት ካልሞላችሁ የወላጅ ፈቃድ ሊጠየቅ ስለሚችል አባት ወይ እናት ያስፈርማችሁ። የታመመ ሰውን ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሡ፣ ቲክቶክማ ጭራሽ። በየዕለቱ ቀን፣ ሰዓትና የሠራችሁትን ስልካችሁ ላይ ጻፉ፤ ከዓመት በኋላ ማስታወስ አይቻልም።

ልጁ ይህንን ሁሉ አንብቦ «እሺ፣ ግን 500 ብሩን ልክፈል ወይስ ልተወው?» አለኝ። ደከመኝ።

ሁለት ቀን ጠፋና ደወለ። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ፣ ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ፣ የዓይናቸው ነገር አልሆን ብሏቸው የአባላቱን መዋጮ መዝገብ ለመጻፍ ተቸግረዋል። የሱ እናት ናት ሰምታ የላከችው። መዝገቡ አሮጌ ነው፤ አንዳንዱ ገጽ ውኃ ነክቶታል፣ የሞቱ አባላት ስም በቀይ ተሰርዟል። ጋሼ ስሙን ሲያነቡለት እሱ ስልኩ ላይ ኤክሴል ከፍቶ ይመዘግባል። አንድ ስም ላይ ሲደርሱ ጋሼ መነፅራቸውን አውልቀው የሰውየውን ታሪክ ስለሚጀምሩ ሥራው አይሄድም። «በሁለት ሰዓት 11 ሰው ብቻ ነው የጨረስነው» አለኝ፤ አማርሮ ነው ብዬ ስጠብቅ የአያቴን የሠርግ ድንኳን ታሪክ ሲያወራልኝ አመሸ።

አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ይሄዳል። ያላለቀ ወደ 200 አባል አለ። ክፍያ ያልከፈሉትን ለብቻ እንዲያወጣ ኮሚቴው ጠይቆታል፤ እሱ ደግሞ የሚከፈልበት ቀን ሲደርስ አባላቱን በኤስኤምኤስ ማስታወስ እንችላለን ብሎ ስብሰባ ላይ ተናግሮ አንድ ሁለት ሽማግሌ ተቆጥተውታል። ክርክሩ አላለቀም።

ኮመን አፕ በየዓመቱ ሐምሌ 25 አካባቢ አዲስ ዙር ይከፍታል። ልጁ አካውንት ከፍቷል። ሐሙስ ማታ የእድሩን ሥራ የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ረቂቅ ላከልኝ። «እድር» የሚለውን ለፈረንጅ ለማስረዳት ብቻ ግማሹን ቦታ ጨርሶታል። ቆጠርነው፤ 211 ፊደል። ገና 61 ማውጣት አለብን፣ እሱ ደግሞ የጋሼን መነፅር አላወጣም ብሏል።