ጣሪያዎ ላይ ስንት ሊትር ዘነበ?

«20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጥሏል» ሲባል ሰምተው ይሆናል። ውሃ በሊትር እንጂ በማስመሪያ ይለካል እንዴ? ይለካል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ 1 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። ቤትዎ 50 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ካለው፣ ያ ዝናብ 1,000 ሊትር አውርዶልዎታል፤ በባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 50 መሆኑ ነው! በእርግጥ ፈሶ የሚባክን አይጠፋም። ቢሆንም ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ቤተሰብ ቀላል አይደለም።

መለኪያውን ከልጆችዎ ጋር ይሥሩት። ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ታቹ ጠፍጣፋ ጣሳ ይበቃል። አፉ ቢሰፋም ቢጠብም ለውጥ የለውም፤ ሰፊው ብዙ ውሃ ቢቀበልም ውሃው ስለሚንጣለል ከፍታው ያው ነው። (ልጆች ይህን በቀላሉ አያምኑም፤ ሁለት ጣሳ ጎን ለጎን ያስቀምጡላቸው።) ከጣሪያና ከዛፍ ያርቁት። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ማስመሪያ ነክረው ያንብቡ፣ ይመዝግቡ፣ ውሃውን ይድፉ። የማስመሪያው ዜሮ ከጫፉ ገባ ያለ ከሆነ ያችን ክፍተት ይደምሩባት።

ሮቶ ለመግዛት ካሰቡ መጀመሪያ የሐምሌን መዝገብዎን ይመልከቱ።