ፍሬውን አትውቀሱ፣ ውሃውን ጠይቁ

ከማያሚ ተነስቶ የካሪቢያን ደሴቶችን በሚዞር የሽርሽር መርከብ ላይ ሳምንት ያሳለፈ የአገራችን ሰው ሲመለስ ስለ ቡናው አንድ ነገር ሳይል አይቀርም። ምግቡ ሞልቶ ተርፏል፣ አልጋው ተመችቷል፣ ቡናው ግን አፍ ላይ የሚቀመጥ አልሆነም። ፍርዱም ወዲያው ይከተላል፦ «ርካሽ ፍሬ ገዝተው ነው፤ የራስህን ቡና ይዘህ ሂድ።» ለዚህ ጽሑፍ ያነሳሳኝ ግን ይህን ምክር ሰምተው፣ ጥሩ ይርጋጨፌ አስቆልተውና አስፈጭተው የሄዱት ሰዎች የሚሰጡት ፍርድ ነው። ያንኑ ቡና በመርከቡ ሙቅ ውሃ አጣርተው ሲጠጡት የአበባ መዓዛው የለም፣ የሎሚው ለዛ የለም፤ አፍ ውስጥ የሚቀረው ደረቅ ነገር ብቻ ነው። «ይርጋጨፌም ስሙ ብቻ ቀረ» ይላሉ። ጥፋቱም ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ቀዩን ፍሬ አንድ በአንድ ለቅሞ ለእጥበት ጣቢያ ያስረከበው የጌዴኦ ገበሬ ትከሻ ላይ ይወድቃል። በቡና ቅምሻ ሙያ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ፍርድ መስማት ሰልችቶናል። እውነት ስላልሆነም በዝምታ ማለፍ አይገባንም።

ተጣርቶ የሚጠጣ ጥሩ ቡና ውስጥ ከፍሬው ሟሙቶ የሚገኘው ነገር ከመቶ 1.15 እስከ 1.35 ያህል ነው። የቀረው ውሃ ነው። ይህን ቁጥር ማንም የሙያ ባልደረባ ያውቀዋል፤ ከቁጥሩ የሚከተለውን ነገር ግን ጠጪው ቀርቶ ቡና ሻጩም አያስበውም። ከሲኒው ከመቶ 98 እጅ በላይ የሆነው ነገር በተበላሸ ጊዜ ሁሉ ሁለት እጅ እንኳ የማይሞላው ተከሶ ይፈረድበታል። ውሃ ደግሞ ቡናውን ተሸክሞ የሚያደርስ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ከዱቄቱ ውስጥ ጣዕሙን ፈልቅቆ የሚያወጣው ራሱ ነው። ክሪስቶፈር ሄንደን የተባለው ኬሚስት ከእንግሊዛዊው ባሪስታ ከማክስዌል ኮሎና-ዳሽዉድ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው ጥናት እንደታየው፣ በውሃ ውስጥ የሟሟው ማግኒዚየምና ካልሲየም የቡናን የጣዕም ንጥረ ነገሮች ይዞ የማውጣት ኃይል አለው፤ በተለይም ማግኒዚየም። ባይካርቦኔት በበኩሉ የቡናውን አሲድ ያለዝባል። ሲበዛ ቡናው ድንዝዝ ይላል፣ ሲያንስ ደግሞ ይጎመዝዛል። የስፔሻሊቲ ቡና ማኅበር ለቅምሻ የሚሆን ውሃ በሊትር 150 ሚሊግራም ገደማ የሟሟ ማዕድን እንዲኖረው፣ ክሎሪን ደግሞ ጨርሶ እንዳይኖረው የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ መርከቡ ውሃ እንምጣ። ከወደብ ከሚቀዳው ሌላ ትልቅ መርከብ የሚጠቀምበትን ውሃ ከባሕሩ ራሱ ያወጣል። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ይዟል። ይህን ጨው ለመለየት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከሞተሩ በሚተርፈው ሙቀት ውሃውን አትንኖ መልሶ ማቀዝቀዝ ነው፤ ሁለተኛው ውሃውን በከፍተኛ ግፊት ጨው በማያሳልፍ ስስ ሽፋን ውስጥ ማሳለፍ ነው። በሁለቱም መንገድ የሚወጣው ውሃ ማዕድኑን አጥቶ ባዶ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። ባዶ ውሃ ደግሞ የብረት ቧንቧን ይበላል፤ ስለዚህ በኖራ ድንጋይ መሰል ማጣሪያ ያሳልፉትና ካልሲየምና ባይካርቦኔት እንዲይዝ ያደርጋሉ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ማዕድኑ የተጨመረው ለቧንቧው ሲባል ነው፣ ለቡናው ሲባል አይደለም። ከዚያም ክሎሪን ይገባበታል። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ለሽርሽር መርከቦች ባወጣው መመሪያ መሠረት በመላው የመጠጥ ውሃ መስመር ላይ በሊትር ከ0.2 ሚሊግራም ያላነሰ፣ ከ5 ሚሊግራም ያልበለጠ ክሎሪን ወይም መሰል መከላከያ መገኘት አለበት። ሕጉ ትክክል ነው፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በአንድ ቤት ውስጥ ሲኖር ከቡና ጣዕም በፊት ጤና ይቀድማል። ነገር ግን ክሎሪን በቡና ውስጥ ካሉት ፌኖሎች ጋር ሲገናኝ የመድኃኒት ሽታ ያላቸው ነገሮች ይፈጠራሉ፤ ምላሳችን ደግሞ እነዚህን በእጅጉ ጥቂት ሆነው እንኳ ይለያቸዋል። ብዙ ሰው «የሆስፒታል ሽታ አለው» ብሎ ፍሬውን የሚከስበት ጣዕም ምንጩ ይኸው ሊሆን ይችላል።

ይህ ለመርከብ ተሳፋሪ ብቻ የሚነገር ጉዳይ አይደለም። ኩዌትና ኳታር የመጠጥ ውሃቸውን አብዛኛውን የሚያገኙት ከባሕር ነው። በእስራኤልም የአሽኬሎን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከባሕር የሚጣራው ውሃ በየቤቱ ቧንቧ ይገባል። ውሃው ካልሲየም ይጨመርበታል፤ ማግኒዚየም ግን አይጨመርበትም፣ የጤና ባለሙያዎችም በዚህ ላይ ለዓመታት ተከራክረዋል። በእነዚህ አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ከአገር ቤት የተላከላቸውን ቡና ቆልተው፣ ወቅጠው፣ በጀበና አፍልተው «ያው ቡና ነው፣ ጣዕሙ ግን የቤታችን አይደለም» ሲሉ ብዙ ጊዜ ትዝታ ነው ተብሎ ይታለፋል። ናፍቆት የለበትም አልልም። ነገር ግን ከጣዕሙ የጎደለው የተወሰነው ክፍል በኬሚስትሪ ሊገለጽ የሚችል ነው። እዚያም ቢሆን የሚወቀሰው ፍሬው ወይም ላኪው ነው።

ሌላው በተደጋጋሚ የሚገጥመኝ ማብራሪያ ከአውሮፕላን የተቀዳ ነው። የአውሮፕላን ቡና የማይጣፍጠው በከፍታው የተነሳ ውሃው ቀድሞ ስለሚፈላ ነው ይባላል፤ ያንኑ ነገር ወደ መርከብም ያዞሩታል። መርከብ ግን ባሕር ጠለል ላይ ነው፤ ውሃው በ100 ዲግሪ ይፈላል። የአውሮፕላኑም ነገር ቢሆን በዚህ ብቻ አይገለጽም። የመንገደኞች ክፍል የአየር ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር የሚመሳሰል ነው። አዲስ አበባ ያለችው 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ውሃ እኛ ዘንድ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቡና ሲዘጋጅ የሚመከረው የውሃ ሙቀት ደግሞ ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ነው። እንግዲህ የፍል ውሃው ሙቀት ዝቅ ማለቱ ብቻውን ቡናን የሚያበላሽ ቢሆን ኖሮ አዲስ አበባ ውስጥ አንድም ደህና ሲኒ ባልተገኘ ነበር።

ከውሃው ቀጥሎ ጊዜ ይመጣል። አይከን ኦፍ ዘ ሲስ የተባለችው መርከብ ብቻዋን እስከ 7,600 መንገደኛ ትጭናለች። ይህን ሁሉ ሰው ጠዋት በአንድ ሰዓት ውስጥ ቡና ለማጠጣት የሚቻለው በሁለት ዓይነት መንገድ ነው፤ ወይ ቧንቧ ባለው ትልቅ ማፍያ ብዙ ሊትር አፍልቶ ሙቀቱን ጠብቆ ማቆየት፣ ወይም ቀድሞ በፋብሪካ የተዘጋጀ የቡና ጭማቂ በማሽን ከሙቅ ውሃ ጋር እየቀላቀሉ መስጠት። በሁለተኛው መንገድ ፍሬውም ወፍጮውም መርከቡ ላይ የሉም። በመጀመሪያው ደግሞ ቡናው እንደጋለ በቆየ ቁጥር መዓዛው ይተናል፣ ሲቆላ የተፈጠሩት አንዳንድ ነገሮች ወደ ኪኒክ አሲድ ይለወጣሉ፤ ቡናው ይኮመጥጣል፣ ጉሮሮም ይይዛል። ለዚህ ዓይነት ማፍያ የሚመረጠው በጣም የተቆላ ድብልቅ መሆኑ ስስታምነት ብቻ አይደለም፤ ጥቁር ቁሌት በሙቀት ላይ መቆየትን በተሻለ ይችላል። ይርጋጨፌን እዚያ ውስጥ ብትጨምሩት የሚከበርበት መዓዛው ከሁሉ ቀድሞ ይጠፋል። ጥሩ ፍሬ በመጥፎ አያያዝ ውስጥ ከመካከለኛው ፍሬ የበለጠ ይጎዳል። «የተሻለ ፍሬ ይግዙ» የሚለው ምክር መርከቡ ላይ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለት መቃወሚያዎች ይነሳሉ፤ ሁለቱም መልስ የሚገባቸው ናቸው። የመጀመሪያው «እናቶቻችን በወንዝም፣ በጉድጓድም፣ በቧንቧም ውሃ ያፈላሉ፤ ቡናቸው ግን ሁልጊዜ ቡና ነው» የሚለው ነው። እውነት ነው። ነገር ግን እዚያ ቤት ቡናው ከምጣድ ወርዶ፣ ተወቅጦ፣ ጀበና ገብቶ ሲኒ ላይ እስኪደርስ አንድ ሰዓት አይሞላም። ይህን ያህል ትኩስ ቡና በዓለም ላይ በየትኛውም ውድ ካፌ አይገኝም፤ ትኩስነቱም የውሃውን ጉድለት በብዛት ይሸፍናል። ከዚህም ሌላ የጀበናው መፍላት ከክሎሪኑ የተወሰነውን ያስወጣል። መርከብ ላይ ግን ከሰልም፣ የኤሌክትሪክ ምድጃም፣ ማንቆርቆሪያም ይዞ መግባት በአብዛኞቹ ኩባንያዎች ዘንድ ለእሳት አደጋ ሲባል ክልክል ነው። ስለዚህ በአቦል፣ በቶና፣ በበረካ የሚያድነንን ነገር ይዘን መሳፈር አንችልም፤ የሚቀረን የተፈጨ ቡናና የሰው ውሃ ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ይበልጥ ብርቱ ይመስላል፦ «ውሃው አንድ ከሆነ፣ እዚያው መርከብ ላይ ተከፍሎበት የሚጠጣው ቡና ለምን ይሻላል?» ስታርባክስ እ.ኤ.አ. በ2010 አሉር ኦፍ ዘ ሲስ ላይ የመጀመሪያውን የባሕር ላይ መደብሩን ከከፈተ ወዲህ እንዲህ ያሉ ካፌዎች በብዙ መርከቦች ላይ ይገኛሉ፤ ልዩነቱንም ማንም ጠጪ ይመሰክራል። ይህ ግን የእኔን ነገር ያጠናክራል እንጂ አያፈርሰውም። የኤስፕሬሶ ማሽን ያለማጣሪያ አይተከልም፤ ክሎሪንን የሚይዘው የከሰል ማጣሪያ ማሽኑንም ቡናውንም ይጠብቃል። ፍሬው የሚፈጨው ሲታዘዝ ነው። ሲኒው ተዘጋጅቶ ወዲያው ይጠጣል። ውሃው ተጣርቷል፣ ጊዜው አጥሯል፤ የተለወጡት እነዚህ ናቸው። በፍሬው ላይም ልዩነት ይኖር ይሆናል፤ ያንኑ የተሻለ ፍሬ ወደ ትልቁ ማፍያ ብትመልሱት ግን ልዩነቱን ፈልጋችሁ አታገኙትም።

ባሕርንም በከንቱ አንክሰስ። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚጠጣው የኢትዮጵያ ቡና በአብዛኛው 60 ኪሎ በሚይዝ ጆንያ ሆኖ ከጅቡቲ ተጭኖ ለሳምንታት ባሕር አቋርጦ የደረሰ ነው። ጥሬ ቡና እርጥበቱ ከመቶ 10 እስከ 12 ሆኖ በደንብ ከተያዘ ይህን ጉዞ ይችለዋል። የማይችለው የተቆላው፣ ከዚያም በባሰ የተፈጨው ነው። ያ ማያሚ ላይ ተፈጭቶ ሻንጣ የገባ ይርጋጨፌ በሦስተኛው ቀን ሲከፈት አብዛኛው መዓዛው ቦርሳ ውስጥ ቀርቷል። እንግዲህ ባለቤቱ የሚቀምሰው የእርጅናውን፣ የክሎሪኑንና የማዕድኑን ድምር ነው፤ የሚፈርደው ግን በጌዴኦ ላይ ነው።

የራሱን ቡና ይዞ መሄድ የሚፈልግ ሰው ሳይፈጭ ይውሰድ፤ በእጅ የሚዞር ትንሽ ወፍጮና የወረቀት ማጣሪያ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጁም። ሙቅ ውሃውን ከምግብ አዳራሹ ቧንቧ አይቅዳ፤ ካፌው ሄዶ ባሪስታውን በትህትና ይጠይቅ፣ የዚያ ማሽን ውሃ የተጣራ ነውና። ምንም ይዞ ያልሄደው ደግሞ ከአዳራሹ መቅዳት ካለበት ማፍያው በተቀየረበት ሰዓት ይቅዳ፤ አስተናጋጁን «ይህ መቼ ነው የፈላው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ይህ ሁሉ ተደርጎም ቡናው ካልጣመ፣ ስለ ይርጋጨፌ፣ ስለ ሲዳማ ወይም ስለ ሐረር ከመናገራችሁ በፊት ከዚያው ከረጢት የተረፈውን ፍሬ ቤታችሁ ስትመለሱ በምታውቁት ውሃ አንድ ጊዜ አፍልታችሁ ቅመሱት።