የማይክሮኮንትሮለራችሁ የልብ ምት ከየት ይምጣ?

ማይክሮኮንትሮለር እያንዳንዱን ትዕዛዝ የሚፈጽመው በክሎክ ምት ነው። ምቱን የሚሰጠው ክፍል ኦሲሌተር ይባላል። አርዱዪኖ ስንገዛ ኦሲሌተሩ ቦርዱ ላይ ተበይዶ ስለሚመጣ ብዙም አናስበውም። ቺፑን ለብቻው ገዝተን የራሳችንን ሰርኪዩት ስንሠራ ግን ምርጫው የእኛ ነው።

አሁን በእጄ ያለው ሥራ አዲስ አበባ ላለችው እናቴ የመድኃኒት ሰዓቷን በእኛ አቆጣጠር የሚያስታውስ ትንሽ መሣሪያ ነው። ኢንተርኔት የለውም፣ መብራት ሊጠፋበት ይችላል፣ ቢዛነፍም ከዚህ ሆኜ ላስተካክለው አልችልም። ስለዚህ አማራጮቹን በዚህ ሥራ እንመዝናቸው። ቺፑ አርዱዪኖ ኡኖ ላይ የምናውቀው ኤቲሜጋ328ፒ ነው።

1. ውስጣዊው አርሲ ኦሲሌተር

ቺፑ ውስጥ 8 ሜጋኸርዝ የሚመታ ኦሲሌተር አለ። አዲስ ቺፕ ከፋብሪካ ሲመጣ ይህ ምት ለ8 ተካፍሎ በ1 ሜጋኸርዝ እንዲሠራ ተደርጎ ነው። ተጨማሪ ዕቃ አይፈልግም፤ ሁለት ፒኖችም ነፃ ይሆኑላችኋል። ችግሩ ትክክለኛነቱ ነው፦ እስከ 10 በመቶ ሊሳሳት ይችላል፣ ሙቀትና ቮልቴጅም ይለዋውጡታል። ራሳችሁ ለክታችሁ ብታስተካክሉት ወደ 1 በመቶ ይወርዳል። ነገር ግን አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ ስለሆነ፣ 1 በመቶ ማለት በቀን ከ14 ደቂቃ በላይ ነው። ኤልኢዲ ለማብራት ይበቃል። በሲሪያል ለመነጋገር ግን ስሕተቱ ከ2 በመቶ ገደማ ካለፈ ፊደላቱ ይበላሻሉ።

2. ሴራሚክ ሬዞኔተር

ኡኖ አር3 ላይ ዋናው ቺፕ 16 ሜጋኸርዙን የሚያገኘው ከዚህ ነው። ርካሽ ነው፤ ስሕተቱም ብዙውን ጊዜ ከ0.5 በመቶ አይበልጥም። ለሲሪያል አስተማማኝ ነው። ለሰዓት ግን 0.5 በመቶም በቀን 7 ደቂቃ ነው።

3. ኳርትዝ ክሪስታል

እዚህ ስሕተት የሚለካው በመቶኛ ሳይሆን ከሚሊዮን ስንት በሚለው ነው። ከሚሊዮን 20 የሚሳሳት ክሪስታል በቀን 1.7 ሰከንድ፣ በዓመት 10 ደቂቃ ገደማ ያዛንፋል። ሁለት ካፓሲተሮች ይፈልጋል። የክሪስታሉ ሎድ 12 ፒኮፋራድ ቢሆንና ቦርዱ ራሱ 3 ያህል ቢጨምር፣ ከ12 ላይ 3 ቀንሳችሁ በ2 ስታባዙ 18 ይመጣል፤ እያንዳንዱ ካፓሲተር 18 ፒኮፋራድ ይሁን።

በእጅ ሰዓት ውስጥ ያለው ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይመታል። ይህ ቁጥር 15 ጊዜ ለሁለት ሲካፈል ልክ 1 ይሆናል፤ የተመረጠውም ለዚህ ነው። ይሁንና ይህ ክሪስታል ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲርቅ፣ ቢሞቅም ቢበርድም፣ ይዘገያል። የገልፍ በጋ 45 ዲግሪ ሲደርስ በቀን ከ1 ሰከንድ በላይ ወደ ኋላ ይቀራል።

4. ራሱን የቻለ የሰዓት ቺፕ

ዲኤስ3231 ክሪስታሉን በውስጡ ይዞ፣ ሙቀቱን እየለካ ምቱን ያስተካክላል። ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስሕተቱ ከሚሊዮን 2 ነው፤ በዓመት 1 ደቂቃ ገደማ መሆኑ ነው። መብራት ሲጠፋ በሲአር2032 ባትሪ ይቀጥላል።

ለእናቴ መሣሪያ የመረጥኩት ሁለቱን ማጣመር ነው፦ ፕሮግራሙን የሚያስኬደው የቺፑ ውስጣዊ ኦሲሌተር፣ ጊዜውን የሚጠብቀው ዲኤስ3231። ሁለቱ የሚነጋገሩበት አይቱሲ የራሱ የክሎክ መስመር ስላለው፣ የውስጣዊው ኦሲሌተር መዛነፍ አይጎዳውም። ዲኤስ3231 ላይ የማስቀምጠው ዩቲሲን ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት ከእሱ 3 ሰዓት ሲቀነስ ይገኛል፦ ዩቲሲ 4፡00 ሲል አዲስ አበባ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። በጋና ክረምት የሚቀያየር ሰዓት ስለሌለን ሌላ ስሌት አያስፈልገውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ ቺፕ ላይ የክሎክ ምንጭ የሚመረጠው ፊዩዝ በሚባሉት ቅንብሮች ነው። ያልተገጠመ ክሪስታል ከመረጣችሁ ፕሮግራመሩ ቺፑን ማግኘት ያቅተዋል። ቺፑ የሞተ ቢመስልም አልሞተም። ከሌላ ቦርድ የክሎክ ምት አውጥታችሁ በመጀመሪያው የክሪስታል ፒን ስታስገቡለት ይነቃል፤ ያኔ ፊዩዙን መመለስ ትችላላችሁ።

ቺፕ ከማዘዛችሁ በፊት መሣሪያችሁ በቀን ስንት ሰከንድ ቢሳሳት ሰው እንደሚጎዳ አስሉ። ምርጫውን የሚወስንላችሁ ያ ቁጥር ነው።