የሽሪምፕ ኩሬና ጠቃሚ ባክቴሪያ፦ ተረትና እውነታ

ባክቴሪያ ሁሉ የሽሪምፕ ጠላት ነው የሚለው እምነት በእርባታው ዓለም ሥር የሰደደ ነው። ጨቅላዎቹ ኩሬ ከመግባታቸው በፊት ውሃው በክሎሪን የሚታከመውም በከፊል ከዚህ የተነሳ ነው። ክሎሪን ግን ጎጂውን ከጠቃሚው አይለይም፤ ኃይሉ ሲያልቅ ባዶውን ውሃ ቀድሞ የሚወርሰው በፍጥነት የሚራባው ቪብሪዮ የተባለው የባክቴሪያ ወገን ነው።

ቪብሪዮም ቢሆን በጅምላ የሚወገዝ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በቻይና፣ ቀጥሎም በቬትናም፣ በታይላንድና በሜክሲኮ ኩሬዎችን ያራቆተው በሽታ መንስኤ በ2013 በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲለይ፣ ጥፋተኛው ቪብሪዮ ፓራሄሞሊቲከስ ሆኖ ተገኘ፤ ያውም የሽሪምፑን የምግብ መፍጫ ዕጢ የሚያፈርስ መርዝ የሚያመነጨው ዓይነት እንጂ ሁሉም አልነበረም። በአንጻሩ ቪብሪዮ አልጊኖሊቲከስ የተባለው ዘመዱ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በኢኳዶር መፈልፈያዎች እጮችን ከበሽታ ለመጠበቅ ሆን ተብሎ ወደ ውሃው ይጨመር ነበር።

ጠቃሚ ባክቴሪያ የታመመ ሽሪምፕ ይፈውሳል ማለትም ስህተት ነው። በብዛት የሚያገለግሉት የባሲለስ ወገኖች ምግብና ስፍራ በመሻማት፣ ቪብሪዮን የሚገቱ ንጥረ ነገሮችን በማመንጨት ይሠራሉ፤ አንዳንዶቹ ቪብሪዮዎች እርስ በርስ የሚግባቡበትን ኬሚካላዊ ምልክት ይሰባብራሉ። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። ዕጢው ከፈረሰ በኋላ መጨመር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። አስቀድሞ ሲደረግ ግን ልዩነቱ ትልቅ ሊሆን ይችላል፤ በ1998 በወጣ የኢንዶኔዥያ ጥናት ባሲለስ ያልተጠቀሙ እርባታዎች በብርሃን ሰጪ ቪብሪዮ ከሞላ ጎደል ሲከስሩ፣ የተጠቀመው እርባታ ከ160 ቀናት በላይ ያለ ችግር አርብቷል።

ክትባት ይበቃል የሚሉም አሉ። ሽሪምፕ እንደ ዓሣ ፀረ እንግዳ አካል አያመርትም፤ ስለዚህ የተለመደው ክትባት አይሠራለትም፣ የውሃው ጤና ይበልጥ የሚያሳስበውም ለዚህ ነው። የነጭ ነጠብጣብ በሽታ ግን መንስኤው ቫይረስ ስለሆነ፣ ባክቴሪያ ጨምሮ ከኩሬ አጠፋዋለሁ ማለት ከንቱ ነው።

በበዛ ቁጥር ይሻላል የሚለው ደግሞ አደገኛ ነው። ባሲለስ ቆሻሻ ሲያብላላ ኦክስጅን ይፈጃል፤ አየር ማስገቢያው ካልበረታ ሽሪምፑ በሌሊት ይታፈናል። አሞኒያን ወደ ናይትሬት የሚለውጡትም በዋናነት ሌሎች ባክቴሪያዎች ናቸው። አንቲባዮቲክ አብሮ ከተሰጠ ደግሞ የተጨመሩት ጠቃሚዎች ራሳቸው ይሞታሉ፤ መድኃኒቱን የተላመደው ቪብሪዮ ግን ያለ ተቀናቃኝ ይራባል።