የቮልሷ ማርሚታ፦ አሮጌውን አትጣሉት

(ከዝግጅት ክፍሉ)

«አገር በሚታመስበት ጊዜ ስለ መኪና ማርሚታ ምን አስጻፋችሁ?» የሚለን አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። አዲስ አበባ ላይ ዛሬም ከአባት ወደ ልጅ የተላለፉ ቮልሶች ይሽከረከራሉ። ልጅ ትምህርት ቤት የሚደርሰው፣ በሽተኛ ሐኪም ቤት የሚሄደው በእነሱ ነው። የጭስ ማውጫቸው ሲበሳ ጎረቤት የሚሰማው ጩኸቱን ነው፤ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ግን የሚተነፍሰው አየር ይበከላል። በስደት ያለነው ደግሞ «ማርሚታ ላክልኝ» የሚል ስልክ ሲደርሰን የቱን እንደምንገዛ ግራ ይገባናል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየቱ ይበጃል እንላለን።

ቮልስ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ መኪና አይደለችም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አጼ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋን ሲያወርድ፣ በሮልስ ሮይስ የኖሩትን ንጉሠ ነገሥት ከቤተ መንግሥታቸው ያወጣቸው በቮልስ ነበር። የዚህች መኪና የመጨረሻዋ ምርት ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ሲሆን፣ እስከዚያ ቀን በዓለም ዙሪያ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። መኪናዋ መመረቷ ቢያከትምም መለዋወጫዋ ግን በተለያዩ አገሮች እየተሠራ ዛሬም ይሸጣል። ችግሩ የሚሸጠው ሁሉ አንድ አለመሆኑ ነው።

የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውኃ ሳይሆን በአየር ነው። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተጋድመዋል። ከኋለኞቹ ሁለቱ የሚወጣው ጭስ በቀጥታ ማርሚታው ውስጥ ይገባል። ከፊተኞቹ የሚወጣው ግን ማሞቂያ በሆኑ ሁለት የላሜራ ቀፎዎች ውስጥ በቱቦ አልፎ ነው ማርሚታው ዘንድ የሚደርሰው። ከ1963 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በተሠሩት ላይ፣ በዚያ ቱቦ ዙሪያ ንጹሕ አየር ይነፍስና ሞቆ ወደ ተሳፋሪው ክፍል ይገባል። በክረምት የፊት መስታወቱ ጉም ሲይዝ የሚያጠራው ይኸው አየር ነው። እንግዲህ ቱቦው በዝገት ከተበሳ፣ ሙቀት ነው ብለን የከፈትነው አየር ጭስ ይዞ ይገባል ማለት ነው።

ማርሚታው ራሱ ሲበሳስ? በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ላሜራዎችና የጎማ ማሸጊያዎች ከታች ያለው ጭስ ወደ ላይ እንዳይወጣ ይከለክላሉ። በብዙ አሮጌ ቮልሶች ላይ ግን ጎማው ደርቆ ወድቋል፤ ላሜራውም ተፈትቶ ተጥሏል። ያን ጊዜ ማቀዝቀዣው ፋን ጭሱን ስቦ ከአየሩ ጋር ወደ ውስጥ ይነፋዋል። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለው። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፤ ቀጥሎ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። «ድካም ነው» ተብሎ የሚታለፈው ምልክት ይህ ሊሆን ይችላል።

ማርሚታ በአብዛኛው የሚበላው ከውስጥ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። መኪናዋ ረጅም መንገድ ከሄደች ማርሚታው ስለሚግል እንፋሎቱ ወጥቶ ያልቃል። ከቤት እስከ ገበያ ብቻ የምትመላለስ ከሆነ ግን ውኃው እዚያው ይቀራል፤ ከጭሱ አሲድ ጋር ተቀላቅሎም ብረቱን ይበላዋል። ከላይ ቀለም የተቀባ ማርሚታ በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉደው ለዚህ ነው።

እንግዲህ መንገዱ ሁለት ነው፦ መግዛት ወይም ማሠራት።

ውጭ ሆኖ ለሚገዛ ሰው የመጀመሪያው ምክራችን «የቮልስ ማርሚታ» ብላችሁ ብቻ አትዘዙ የሚል ነው። የ1200 ሲሲ ሞተር ማርሚታ ከ1300፣ 1500 እና 1600 ሲሲው ጋር አይገጥምም። የመኪናዋ ሊብሬ ላይ የተጻፈው ዓመተ ምርትም አያስተማምንም፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሞተሯ ተቀይሮ ሊሆን ይችላልና። ከዲናሞው ማቆሚያ ሥር የተቀረጸውን የሞተር ፊደልና ቁጥር፣ እንዲሁም የአሮጌውን ማርሚታ ከየአቅጣጫው የተነሣ ፎቶግራፍ አስልኩ። ለሻጩ የላሜራውን ውፍረትና የዕቃውን ክብደት ጠይቁት፤ ቀላልና ርካሹ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበሳው ነው። ሁለቱ የጭስ መውጫ ቀጫጭን ቱቦዎች፣ ማሰሪያዎቹና ጓርኒሲዮኖቹ ብዙ ጊዜ ለብቻ እንደሚሸጡም አትርሱ። ማርሚታው ደርሶ ማሰሪያ ጠፍቶ በሽቦ የታሰረበት መኪና ጥቂት አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ መርካቶ ነው። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ ይፈለጋል፤ ምናለሽ ተራ ደግሞ የወዳደቀ ብረት እንደገና ዕቃ ሆኖ ይወጣል። ከበርሜል ምጣድና ምድጃ የሚያወጣ እጅ ማርሚታ አያቅተውም። ግን የሚያስፈልገው አንድ ነገር አለ፤ እሱም ልኩ ነው። ልኩ ያለው ደግሞ በአሮጌው ማርሚታ ላይ ነው። ስለዚህ የዛገውን አትጣሉት፤ በኪሎም አትሽጡት።

የቮልስ ማርሚታ አራት የጭስ መግቢያና ሁለት መውጫ አለው። ከነዚህ ሌላ ወደ ካርቡራተሩ የሚሄደውን ድብልቅ የሚያሞቀው ቀጭን ቱቦ የሚታሰርባቸው ሁለት ትንንሽ አፎች አሉት። ይህን «ምን ያደርጋል» ብሎ የደፈነ ሠራተኛ፣ በቀዝቃዛ ጠዋት ሞተሩ ለምን እንደሚያመነታ ሲፈልግ ይውላል። የእነዚህ ሁሉ አቀማመጥ በጥቂት ሚሊሜትር ከተሳሳተ ማርሚታው በግድ ይታሰራል፤ በግድ የታሰረ ደግሞ ይሰነጠቃል። ብልሁ በያጅ አሮጌውን ሳይቆርጥ በፊት ከማዕዘን ብረት መያዣ ይሠራለታል፤ አፎቹን ሁሉ እዚያ ላይ ያስራል፤ አዲሱንም በዚያው መያዣ ላይ ይበይዳል።

ቀጥሎ አሮጌው በቁመቱ ተሰንጥቆ ይከፈት። ውስጡ ባዶ ቆርቆሮ አይደለም፤ በመከፋፈያ ላሜራና በቱቦ የተከፋፈለ ነው። ብዙው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ባዶ ሳጥን ብቻ የሠራ ሰው ጩኸት ሠራ ማለት ነው፤ ቀዳዳ ያሳነሰ ደግሞ ሞተሩን አነቀው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ ተጨማሪ ሙቀት አይችልም። የቀዳዳ ሒሳቡ ቀላል ነው። ለምሳሌ የውስጥ ስፋቱ 40 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ በ5 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ሲበሳ ቢያንስ 64 ቀዳዳ ያስፈልገዋል፤ ከዚያ ካነሰ ቀዳዳዎቹ ተደምረው የቱቦውን አፍ አያክሉም።

ስለ ብረቱም አንድ ነገር እንበል። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ዚንክ የተቀባ ስለሆነ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ሠራተኛውን ትኩሳት ያስይዘዋል። ነዳጅ የነበረበት በርሜልም በደንብ ሳይታጠብ በእሳት ከተቆረጠ ይፈነዳል። ለማርሚታ ብለን የሰው ሕይወት መክፈል የለብንም።

ሥራው ሲያልቅ ፈተናው ደጅ ላይ ይሁን። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ይነሣ፤ አንድ ሰው ሁለቱን መውጫዎች በወፍራም ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ ይያዝ፤ ሌላው ያዳምጥ። ሽው የሚል ድምፅ ካለ በየመጋጠሚያው የሳሙና ውኃ ሲቀባ አረፋው ቀዳዳውን ያሳያል። የወደቁት የጎማ ማሸጊያዎችም አብረው ይተኩ። ያቺ የታወቀች የቮልስ ፉጨት የምትመጣው ከመውጫ ቱቦዎቹ ነውና፣ እነሱ ከተገኙ መኪናዋ ድምፅዋንም ታገኛለች።

ይህን ሁሉ የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2020 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ደመወዝተኛው አዲስ መኪና ከየት ያመጣል? ያለችውን ይጠግናል እንጂ። የሚጠግነው ሰው እውቀት ደግሞ አብዛኛው በወረቀት ላይ የለም፤ በእጁ ላይ ነው፤ እሱ ሲያልፍ አብሮት ያልፋል።

ስለዚህ በውጭ ያለን ወገኖች አንድ ማርሚታ ስንልክ አንድ መኪና ብቻ እንጠግናለን። በልኩ የተሠራ መያዣና በወረቀት የሰፈረ ልክ ከተገኘ ግን ስንቱን ቮልስ ሊጠግን ይችላል። የሚቀጥለው ስልክ ሲደወልልን፣ ገንዘብና ዕቃ ከመላካችን በፊት «አሮጌው የት አለ?» ብለን እንጠይቅ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏልና፣ መስኮት ከፍቶ መንዳት መፍትሔ የመሰላችሁም ነገ ዛሬ ሳትሉ መኪናችሁን አስፈትሹ።

ቸር ይግጠመን።