ስለ መኪና መለወጫ ዕቃና በአገር ውስጥ ስለ ማበጀቱ

ከሐኪም ጋራ ላይ ሆኖ ወደ ሰሜን ለተመለከተ ሰው የሐረር ጀጎል ከነግንቡ ይታየዋል። በአስማዲን በር አጠገብ የአሮጌ ብረት ነጋዴዎችና ቀጥቃጮች ይገኛሉ። የተሰበረ ባሌስትራ፥ የተጣለ በርሜል፥ የጎበጠ ዘንግ ወደዚያ ገብቶ ማጭድ፥ ምድጃና ቢላዋ ሆኖ ይወጣል። ይህ ለገበሬው የሚጠቅም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ዛሬ የገጠር ሰው የሚፈልገው ማጭድና ማረሻ ብቻ አይደለም። ወፍጮው በሞተር ይዞራል፤ የመስኖውም ውኃ በሞተር ይሳባል። ሞተሩ ጣት የምታህል አንዲት ቦኮላ ስታልቅበት ይቆማል። ያን ጊዜ የመንደሩ ሴቶች እህሉን ተሸክመው ሌላ ወፍጮ ፍለጋ ይሄዳሉ፤ አትክልቱም ውኃ አጥቶ ይደርቃል፤ ባለ ሞተሩም ዕቃው ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ይጠብቃል። እስራኤል በምድራቸው ብረት ሠሪ አጥተው ማረሻቸውን ለማሳል ወደ ጠላቶቻቸው ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርዱ እንደ ነበር በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ተጽፎ ይገኛል፤ የዚህም ነገር ከዚያ ብዙ አይርቅም።

መድኃኒቱን ለማየት ከሐረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ድሬዳዋ መውረድ ይበቃል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ በሰጡ ጊዜ ሐዲዱ በሐረር እንዲያልፍ ታስቦ ነበር። ተራራውን መውጣት እጅግ ወጪ የሚያስወጣ ስለ ሆነ ግን ከተራራው ሥር ባለው ሜዳ አለፈ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. በደረሰበት ስፍራ አዲስ ሐረር የተባለች ከተማ ተቆረቆረች፤ እርስዋም ድሬዳዋ ናት። ሐረር ባቡሩ ቢቀርባትም ከአጠገቧ ታላቅ የብረት ሥራ ቤት አገኘች።

ይህ ሥራ ቤት መጀመሪያ የቆመው ለጥገና ነበር። ባቡሮቹ እያረጁ ሲሄዱ ግን የሠሯቸው ፋብሪካዎች መለወጫውን ማበጀት ተዉ። ስለዚህ የድሬዳዋ ሠራተኞች በቶርኖውና በመቦርቦሪያው የጎደለውን በገዛ እጃቸው ማውጣት ያዙ። በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲስ ባቡር ሲመረቅ ሐዲዱ በሌላ ስፋት የተሠራ ነውና የአሮጌው ሥራ ቤት የቀድሞ ተግባር ቀነሰ። ነገር ግን ቶርኖ የሚልገው ብረት የባቡር ይሁን የወፍጮ አያውቅም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ያለቀ ቦኮላ ለመተካት አሮጌ ነሐስ በእቶን ይቀልጥና በእርጥብ አሸዋ በተቀረጸ ቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል። ሲቀዘቅዝ ከሚፈለገው ይወፍራል፤ ይህም ታስቦ የሚደረግ ነው፥ ትርፉን ቶርኖው እየላገ ልኩን ያወጣዋልና። የፒስቶን ቀለበት ደግሞ ጊዛ ከሚባለው ብረት እንደ ቧንቧ ሆኖ ይፈስሳል፥ ከዚያ በቀጭን በቀጭኑ ይቆረጣል፤ እያንዳንዱም በአንድ ወገን ይሰነጠቃል፥ በሲሊንደሩ ውስጥ እንደ ሞላ ተለጥጦ ጋዙን እንዳያሳልፍ። የሲሊንደሩ ሆድ በተበላ ጊዜና የመቦርቦሪያው መኪና በሌለ ጊዜ ሲሊንደሩ በቶርኖው ሠረገላ ላይ ይታሰራል፤ ስለቱ በቦታው ይዞራል፥ ሲሊንደሩም ዝግ ብሎ ወደ ስለቱ ይሄዳል። ቶርኖ ብረቱን እያዞረ እንዲቆርጥ የተሠራ ነበር፤ እዚህ ተግባሩ ተገልብጦአል፥ ሥራው ግን ያው ይወጣል።

የቀጥቃጩም ድርሻ ትንሽ አይደለም። ባሌስትራ ጥሩ ብረት ነው፤ ግሎ ተቀጥቅጦ ዘይት ሲጠጣ ይጠነክራል፥ ነገር ግን በዚሁ ከቀረ እንደ ሸክላ ይሰበራል። እንደ ገና በልኩ ሞቆ መለዘብ አለበት፤ ይህን ሁለተኛ ማሞቅ የዘለለ ዕቃ ዕድሜ የለውም። ደግሞ ሁሉ በአገር ቤት ይሠራል ማለት አይደለም። ናፍጣ የሚረጨው ፓምፕ ክፍተቱ ከጠጉር እጅግ የቀጠነ ነው፤ ይህን በመንደር አበጃለሁ የሚል ሰው የባለቤቱን ገንዘብ ያጠፋል።

አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተቀመጡትን የወንጌል መልእክተኞች መድፍ እንዲያፈሱ አዘዙአቸው። ሰዎቹ መድፍ ሠርተው አያውቁም ነበር፤ እየከሸፈባቸውና እንደ ገና እየጀመሩ በመጨረሻ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አወጡ። እርሱ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ንጉሠ ነገሥቱ ሞቱ። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አለ፤ ያፈሰሰው እቶን ግን ወራሽ አላገኘም። በህንድ አገር የጀማልፑር የባቡር ሥራ ቤት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1862 ለጥገና ተከፍቶ በ1899 ሙሉ የባቡር ሞተር ለማውጣት በቃ። በዚያ ሥራው ሳይቋረጥ ከእጅ ወደ እጅ ስለ ተላለፈ ነው። በዚህ አገር ብረት ሠሪ ጠይብና ቡዳ እየተባለ ሲሰደብ ኖረ፤ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም ስድቡ በአንድ ቀን አልጠፋም። ልጁን ለሚሰደብ ሙያ የሚሰጥ አባት ከየት ይገኛል?

እንግዲህ በየወረዳው ያለ ሹም ሁለት ወይም ሦስት የቀጥቃጭ ልጆችን መርጦ ቶርኖ ባለበት ሥራ ቤት ቢያስገባ መልካም ነው። ባለ ወፍጮዎችም ዕቃ ለማሠራት ሲልኩ ያለቀውን ቦኮላ ብቻ ሳይሆን በውስጡ የሚዞረውን ዘንግ አብረው ይላኩ፤ ያለዚያ ሠሪው ልኩን በግምት ያወጣዋል። ስባሪውንም ለአሮጌ ብረት ነጋዴ አይሽጡ፥ ለአዲሱ አምሳያ የሚሆነው እርሱ ነውና።