አዲስ አበባ ላይ ኩኪስ ለምን ይዘረጋል?

የስምንት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ወደ እኛ ቤት የመጣችው አማርኛ እንድትለምድ ተብሎ ለአንድ ዓመት ነበር፡፡ ቀን ቀን ደህና ናት፡፡ ማታ ግን እናቷን በስልክ ካነጋገረች በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች፤ እራትም አትነካም፡፡ አንድ ቅዳሜ «ምን ብንሠራልሽ ትበያለሽ?» ብዬ ስጠይቃት «እማዬ የምትሠራውን ኩኪስ» አለችኝ፡፡ ከሱፐርማርኬት ገዝቼ ባመጣላት አንዱን ቀምሳ መልሳ አስቀመጠችው፡፡

እህቴ የላከችልኝ አሠራር አሜሪካ ውስጥ በብዙ ቤት የሚታወቀው ነው፡፡ ባለቤቱ በማሳቹሴትስ ዊትማን ከተማ ቶል ሃውስ የተባለውን ቤት ከባሏ ጋር ታስተዳድር የነበረችው ሩት ዌክፊልድ ናት፡፡ እ.ኤ.አ. በ1938 በታተመው የምግብ መጽሐፏ ውስጥ ወጣ፤ በ1939 ደግሞ ኔስሌ በቸኮሌት ማሸጊያው ላይ እንዲያትመው ፈቀደች፡፡ ቸኮሌት አልቆባት በአጋጣሚ ነው የፈጠረችው የሚል ወሬ አለ፡፡ ሴትየዋ ግን በምግብ ሙያ የተማረች ስለነበረች ወሬው እኔን ብዙም አያሳምነኝም፡፡

እንደታዘዝኩት 280 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 225 ግራም ቅቤ፣ 300 ግራም ስኳር (ግማሹ ቡናማ)፣ ሁለት እንቁላል፣ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ጨው፣ ቫኒላና ቸኮሌት ቀላቅዬ በ190 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ከተትኩት፡፡ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ለየብቻ ያስቀመጥኳቸው ሊጦች ተያይዘው ትሪውን የሞላ አንድ ስስ ቂጣ ሆኑ፡፡ ጠርዙ አሯል፣ መሐሉ ሊጥ ነው፡፡ ልጅቷ አየት አደረገችና «ችግር የለውም አጎቴ» አለችኝ፡፡ ያቺ «ችግር የለውም» ከለቅሶዋ ይልቅ ከበደችኝ፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ አሌክሳንድሪያ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለች፣ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ያላለች ከተማ ናት፡፡ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነች፡፡ እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ውሃም የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፡፡ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ብዙ ሰዓት የሚፈጅብን አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፡፡ ሊጥ ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ያስከትላል፡፡ ሶዳው የሚፈጥረው ጋዝ የሚጫነው አየር ቀላል ስለሆነ ከልክ በላይ ይነፋል፤ ሊጡም ሳይጠና ተነፍቶ ይወድቃል፡፡ በዚያ ላይ ውሃው ቶሎ ስለሚተን የሚቀረው ስኳር ከመጠኑ በላይ የጠነከረ ይሆናል፡፡ ስኳር የበዛበት ሊጥ ለመጠንከር ይዘገያል፤ እስከዚያ ቅቤው ቀልጦ ይፈሳል፡፡

ለነገሩ አሜሪካኖቹ ይህን ያውቁታል፡፡ በቸኮሌቱ ማሸጊያ ላይ በትንንሽ ፊደል ከ5,200 ጫማ (1,600 ሜትር ገደማ) ጀምሮ ለሚጋግሩ ዱቄት ጨምሩ፣ ስኳር ቀንሱ የሚል ትእዛዝ አለ፡፡ ይህ የዴንቨር ከተማ ከፍታ ነው፡፡ እኛ ከዴንቨርም 700 ሜትር ያህል ከፍ ብለን ነው የምንኖረው፡፡

ስለዚህ ዱቄቱን ወደ 320 ግራም አሳደግሁ፤ ስኳሩን ወደ 250 ዝቅ አደረግሁ፤ ሶዳውን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ፡፡ የሀበሻ እንቁላል ትንሽ ስለሆነ ሦስት ጨመርኩ፤ ይህም የሚተነውን እርጥበት ተካልኝ፡፡ ኦቨኑን 200 ዲግሪ አድርጌ ጊዜውን ወደ ስምንት ወይም ዘጠኝ ደቂቃ አሳጠርኩ፤ ጠርዙ በፍጥነት እንዲይዝ ነው፡፡

ቅቤው ላይ ግን ከፍታ የማይጠየቅበት ስህተት ነበረኝ፡፡ ለሀገር ቅቤ ካለኝ ክብር የተነሳ ሸኖ ለጋ ነበር የተጠቀምኩት፡፡ ለጋ ቅቤ ውስጥ አሬራ ስለሚቀር ውሃው ይበዛል፤ ጠረኑም ከቫኒላ ጋር አይስማማም፡፡ ቤቱ ኩኪስ ሳይሆን ክትፎ የሚቀርብበት መስሎ ነበር፡፡ በሁለተኛው ጊዜ 200 ግራም የገበታ ቅቤ ወሰድኩ፤ ሳይቀልጥ፣ በጣት ሲጫኑት ስርጉድ እስኪል ብቻ አለስልሼ ከስኳሩ ጋር መታሁት፡፡ ለቸኮሌቱም ፍሬ ፍሬውን አልፈለግሁም፤ ጥቁሩን ቸኮሌት በቢላ ከተፍኩት፡፡ ይህ የድህነት ዘዴ አይደለም፤ ዌክፊልድም የጀመረችው ቸኮሌት ከትፋ ነው፡፡

ሊጡ ተዘጋጅቶ ኦቨኑን ልለኩስ ስል መብራት ሄደ፡፡ ተናድጄ ሊጡን ማቀዝቀዣ ውስጥ ትቼው ተኛሁ፡፡ ጠዋት ስናወጣው ዱቄቱ እርጥበቱን ጠጥቶ፣ ቅቤው ጠንክሮ፣ በእጅ የሚድቦለቦል ሆኗል፡፡ አሁን መብራት ቢኖርም ሆን ብዬ አሳድረዋለሁ፡፡ ሲወጡ መሐላቸው ገና ለስላሳ ቢመስልም ትሪው ላይ አምስት ደቂቃ ይቆዩ፤ በራሳቸው ሙቀት ይጠናሉ፡፡

ልጅቷ ሦስት በላች፡፡ አራተኛውን ግማሽ አድርጋ በስልኩ መስታወት ላይ አስጠግታ ለእናቷ አሳየቻት፡፡ እህቴ «እንዴት እንዲህ ወፍራም ሆነላችሁ? አሠራሩን ላክልኝ» አለች፡፡ ላክሁላት፤ ከሥሩ ግን «እዚያ ወንዝ ዳር አይሠራም» ብዬ ጽፌበታለሁ፡፡